ስፖኪዮው ውስጥ የቀረችው እንሹ

ፒያሳ ያለው ቤታችን ሊፈርስ ነውና ዕቃ ስናወጣ፣ ከአልጋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የመኪና ስፖኪዮ አገኘሁ። የአባቴ ታክሲ ስፖኪዮ ነው። ታክሲውን ሲሸጥ ይህን ለምን ነቅሎ እንዳስቀረ ማንም አልጠየቀውም። ጨርቁን ስገልጠው የቤንዚንና የአቧራ ሽታ መጣብኝ። መስታወቱን ወደ ፊቴ አላዞርኩትም።

አባቴ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ይነዳ ነበር። ጓደኞቹ «ከሥላሴ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ዓይኑን ጨፍኖ ይነዳል» ይሉት ነበር፤ እሱም ይስቃል። ጉድጓዱን፣ ኩርባውን፣ ሰው የት የት እንደሚሻገር በልቡ ያውቀዋል።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አንድ እሁድ በማለዳ እናቴንና እኔን ጭኖ አዋሽ ፓርክ ወሰደን። መንገዱን ሁሉ ከፊቱ ያለውን አውቶቡስ እየተከተለ ነዳ።

የፓርኩ በር ጠባቂ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ «ከመኪና እንዳትወርዱ። ጥሩምባ አይነፋም። እንሹዎች አሉ፣ ቀስ በሉ» አለን። እንሹ ከፍየል ግልገል የማትበልጥ የዱር እንስሳ ናት። «ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት። አንዷ ከወጣች ሌላዋን ጠብቁ።»

«ጥሩምባ ካልነፋሁማ ምኑን ሾፌር ሆንኩት!» አለ አባቴ።

«አንበሳ ካስቆመህ ኮንትራት ይዣለሁ በለው» አለች እናቴ ከኋላ።

ከምሳ በኋላ እናቴ አንቀላፋች። ሣሩ በፀሐይ ቢጫ ሆኗል። ቀንዳቸው እንደ ጦር የቀጠነ ሳላዎች በቀኛችን ቆመው ነበር።

«አባባ፣ ሳላ!» አልኩት በሹክሹክታ።

«አየኋቸው» አለ፤ ፊቱ ግን ወደ ግራ ነበር።

ብዙም ሳንሄድ አንዲት እንሹ ከቁጥቋጦ ወጥታ መንገዱ መሃል ቆመች። ይቆማል ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ድሮም ድምፄ ቶሎ አይወጣም። ጎማው አንዴ ነጠረ።

እናቴ ባነነች። «ምንድን ነው?»

«ድንጋይ ነው» አለ አባቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አይደል እንዴ?»

ዓይኑ መድከሙ ከታወቀ ታክሲው ይቀራል፤ ታክሲው ከቀረ እንጀራችን ይቀራል። ያኔ ይህ ሁሉ ገባኝ።

«አዎ፣ ድንጋይ ነው» አልኩ።

በእኔ በኩል ባለው ስፖኪዮ ሌላዋ እንሹ መንገዱ ላይ ወጥታ አየኋት። አልሸሸችም። አቧራው እስኪሸፍናት ድረስ እንደቆመች ነበረች።

ስንመለስ፣ እናቴ እንዳትሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከፊት ምን አለ?» ይለኝ ጀመር። እነግረዋለሁ። በኋላም ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ተሳፋሪዎች «ቅምጥል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አንድ ቀን ሥላሴ አጠገብ አንዲት ተማሪ እየሮጠች ከፊታችን ገባች፤ ጮህኩ። እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ፍሬን ያዘ። ልጅቷ አልተነካችም። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን ጭኔ ላይ አስቀመጠው፤ ዳግም አላነሳውም።

ዛሬ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው። ስፖኪዮውን ወስጄ እጁ ላይ አኖርኩለት። ጠርዙን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳበሰ።

«ሌላዋ እንሹስ» አለኝ፣ «ተሻገረች?»

«ተሻግራለች፣ አባባ» አልኩት።