የጋሽ ይመር የፕላዝማ ቅርጫ

ባለፈው ሳምንት ለተግባር ልምምድ የተመደበችልኝ እጩ መምህርት የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ፍለጋ የትምህርት ቤታችንን ዕቃ ቤት ስታምስ ቆይታ፣ ጥግ ላይ የቆመውን የብረት ሣጥን ስትከፍተው የቆየ አቧራና የጠመኔ ሽታ እኔ እስካለሁበት በር ድረስ መጣ። ምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ የፕላዝማ ቤት ነው አልኳት። ፕላዝማን በወሬ ነው የምታውቀው። እኔን ግን ያ ሽታ ሹራቤን በክንዴ እንዳንጠለጠልኩ ወደ ኮምቦልቻ ወሰደኝ።

ያኔ እጩ መምህርቷ እኔ ነበርኩ። መምህርት ለመባል የቀረኝ የተግባር ልምምዱ ብቻ ነበር፤ የተመደብኩትም ኮምቦልቻ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በየጠዋቱ ደሴ ካለው ሰፈሬ ከሆጤ ወጥቼ ፒያሳ ሚኒባስ እይዛለሁ፤ ደሴ ገና ጉሟን ሳትገልጥ ተነስተን፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንጨርስ ሙቀቱ በመስኮት ይገባና ሹራብ ማውለቅ ይጀመራል። በብብቴ ሥር የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት አለ፤ ሦስት ቀን ሙሉ በቀይና በሰማያዊ ቀለም የሣልኩት የሰው ልብ። ረዳቱ ካርታ መስሎት ሲጠይቀኝ «ልብ ነው» ስለው ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀብኝ።

ልቤን ግን የሚሰቅልልኝ አላገኘሁም። ክፍሉ ውስጥ ፕላዝማ ነበራ! ደወል ሲደወል የብረት ሣጥኑ ይከፈታል፣ ስክሪኑ ላይ በሳተላይት የሚያስተምር አንድ ሰው ብቅ ይልና እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ይጠብቃል፣ ማንም ሳይመልስለት «ቬሪ ጉድ!» ብሎ አመስግኖ ያልፋል። ፒያሳ ልብስ ይሰፋ የነበረው አባቴ ይህን ከነገርኩት በኋላ፣ ደንበኞቹ ስለ እኔ ሲጠይቁት መርፌውን ከአፉ ሳያወጣ «ቴሌቪዥን መክፈት ተምራ ልትጨርስ ነው» ይላቸው ጀመር። በቀልዱ እስቅ ነበር፤ ቤት ስገባ ግን ያመኛል። በቦርሳዬ ውስጥ ለጸሐፊነት ትምህርት የሚሞላ ቅጽ ይዤ መዞር የጀመርኩትም ያን ሰሞን ነው። ልምምዴን የሚመዝነው ገምጋሚ መጥቶ ካየኝ በኋላ ያልሆነልኝ እንደሆነ ቅጹን ሞልቼ መምህርነትን እርም ልል ቆርጬ ነበር።

የተመደብኩት ከጋሽ ይመር ጋር ነው። የባዮሎጂ መምህር፣ ነጭ ጋዋናቸው ኪሱ በጠመኔ የነጣ ይሁን ከመጀመሪያው የነጣ የማይለይ፣ የፕላዝማውን ቁልፍ በጫማ ማሰሪያ አስረው አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው። ጠመኔያቸውን የሚያስቀምጡት እዚያው ሣጥን ውስጥ፣ ከስክሪኑ ሥር ነው፤ ሣጥኑ ሲከፈት መጀመሪያ የሚወጣው ጠመኔው ነበር። ሌሎቹ መምህራን ፕላዝማውን ሲያሙ ውለው ሲያሙ ያድራሉ፤ ጋሽ ይመር ግን ቅርጫ አስገቡት።

ቅርጫው እንዲህ ነው። የስክሪኑ ሰውዬ ፍጥነት ለአንድ ተማሪ አይቻልም፤ ስለዚህ በሬ ገዝተው እንደሚካፈሉ ጎረቤታሞች ክፍሉን በመደብ ከፈሉት። የፊት ወንበሮች ድርሻ አዳዲስ ቃላትን መያዝ ነው፤ የመሃሎቹ ስዕሉን መገልበጥ፤ የኋላዎቹ የተጠየቀውን ጥያቄ መያዝ። ስርጭቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ መደብ ድርሻውን ያመጣል፣ እርሳቸው ሰሌዳው ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይገጣጥሙታል። ድርሻውን ያላመጣ ሌላውን አስርቦ ይውላል። ሰነፍ የተባለው ልጅ ሳይቀር ስክሪኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ ሲጽፍ ሳይ እደነቅ ነበር፤ እርሳቸው ራሳቸው ከኋለኛው መደብ ገብተው ደብተር ይዘው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እንደ ሌሎቹ ፕላዝማውን ላማ ስጀምር፣ የተጠቀለለውን ወረቀቴን ዘርግተው አይተው «ቆንጆ ነው» አሉኝ። «እኔም በጠመኔ ልብ እሥላለሁ፤ ማስመታት ግን አልችልም። እሱ ያስመታዋል።»

ገምጋሚው የመጣ ዕለት ትምህርቱ የደም ዝውውር ነበር። የግምገማ ቅጹን ይዞ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔም ዛሬስ ቴሌቪዥን ከፋች አልባልም ብዬ ስርጭቱ እንደጀመረ ድምፁን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ በምስሉ ላይ ማስረዳት ያዝኩ። ምስሉ እኔን ይጠብቃል? እኔ ቀኝ ልብ ላይ ስደርስ እሱ ሳንባ ገብቶ ወጥቷል። የፊቶቹ የሚይዙት ቃል አጡ፤ የመሃሎቹ እኔን ይመኑ ስዕሉን ግራ ገባቸው፤ የኋላዎቹ እስክሪብቶ አስቀመጡ። ደንግጬ ድምፁን መልሼ ስከፍተው የስክሪኑ ሰውዬ ልክ ጠይቆ ጨርሶ ኖሮ፣ ጸጥ ላለው ክፍል «ቬሪ ጉድ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ገምጋሚውም አጎንብሶ ሲስቅ አየሁት። በሐሳቤ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሐረጎን እየወጣሁ ነበር።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። ጋሽ ይመር ናቸው። እንደ ተማሪ ብድግ ብለው «ቲቸር» አሉኝ፣ «ድርሻዬ ጎድሎብኛል። ደሙ ከሳንባ ሲመለስ በየት በኩል ነው የሚገባው? ቢደግሙልኝ።»

ሳቁ ቆመ። ልጆቹ ዞረው አዩአቸው፤ ያንን ትምህርት ለታላላቆቻቸው ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ አንዲት የፊት ወንበር ልጅ የያዘቻትን አንድ ቃል ጮክ ብላ አነበበች፣ ከመሃል አንዱ የጀመረውን ስዕል ከፍ አድርጎ አሳየ፣ እኔም ጠመኔ አንስቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ስክሪኑ ላይ ልቡ ሲመታ እያሳየሁ፣ ሰሌዳው ላይ መንገዱን እየሠራሁ፣ ደሙን በግራ በኩል አስገባሁላቸው።

ግቢው ውስጥ ላመሰግናቸው ስጠጋ ወደ «አንቺ» ተመልሰው ነበር። «የእውነቴን ነው የጠየቅኩሽ፤ አንቺንም እሱንም አልሰማሁም። አብሽሪ፣ ነገ ደህና ይሆናል። ድምፁን ግን አትዝጊበት» ብለው አበረታተውኝ ወደ ክፍላቸው ሄዱ። በዚያው ቀን ሚኒባስ ውስጥ፣ በጸሐፊነቱ ቅጽ ጀርባ ላይ የነገውን ቅርጫ መደብ በመደብ ጻፍኩ።

ጋሽ ይመር ካረፉ ቆዩ። አሁን ተማሪዎቼ የየራሳቸውን ስልክ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ የማላውቀውን ሳይቀር በደቂቃ ያገኙታል፣ ይህም ደስ ይለኛል። ግን ሁሉም ሙሉ በሬውን ይዞ ስለሚመጣ ከጎኑ ካለው ልጅ ድርሻ የሚለምን የለም፤ ክፍሌ ጸጥ ያለ ነው፣ ያ የመገጣጠሚያ ጫጫታ ናፈቀኝ።

ትናንት እጩዋ መምህርት ማራዘሚያዋን አግኝታ ፕሮጀክተሯን አብርታ አስተማረች። ፈርታ ስለነበር ገጾቹ ከአፏ ቀደሟት፤ ወደ ኋላ ስትመልስ ጭራሽ ጠፉባት፤ ልጆቹ መሳሳቅ ጀመሩ። ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እጄ ግን አልነሳ አለ። የገዛ ተማሪዎቼ እያዩኝ፣ ስንት ዓመት ያስተማርኩትን አላውቀውም ብዬ ልቁም? በዚያች ቅጽበት የዚያን ቀኑን የጋሽ ይመርን እጅ ክብደት ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁት።

በመጨረሻ እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም። ቢደግሙልኝ» አልኳት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ የእርሳቸው አልተንቀጠቀጠም ነበር።