ሳትገፋ ቡሬ የምትገባ መኪና

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የይርሳውን መኪና ገፍቶ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ አልጋ ላይ የዋለ በሽተኛ ነው ወይ ገና ትናንት የመጣ እንግዳ። ፖሊሱ ገፍቷል። የቤተ ክህነቱ ጸሐፊ ጥምጣሙን አስተካክሎ ገፍቷል። ጤፍ ጭኖ ለገበያ የወጣ ባላገር አህያውን ባሕር ዛፍ ላይ አስሮ ገፍቷል። «መሬት ላራሹ» የሚለው ወረቀት በስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ከተማሪዎች ኪስ እየወጣ እኛ ከተማ ሲደርስ፣ ጠጅ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የተነሣው ክርክር ስለ መሬት አልነበረም። መሬት የአራሹ ከሆነ መኪናም የገፊው ነው፤ ስለዚህ የይርሳው መኪና የከተማው ሕዝብ ንብረት ናት ተባለ። ይርሳው ይህን ሲሰማ፣ ሕዝቡ ከወረሳት ቤንዚኑንም ሕዝቡ ይቻል ብሎ መለሰ። ትግሉም እዚያው ላይ ቆመ።

መኪናዋ ጥቁር፣ ዓይኗ ክብ፣ ጣሪያዋ የጎበጠ አሮጊት ናት። መንገድ ያሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ኮንትራቱን ሲጨርስ ሾፌሩ ለነበረው ለይርሳው ትቶለት ሄደ። ይርሳው ይህን እንደ ስጦታ ቆጠረው። ባዕድ ለድኻ አገር የሚያወርሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ክብሩ የእነሱ፣ መግፋቱ የኛ።

ከገፊዎች ሁሉ ቀዳሚዋ ሚስቱ ባንቺአየሁ ነበረች። የቡሬዋ የአቶ ባዬ ልጅ ናት፤ ቁመቷ መለሎ፣ ነገሯ አጭር። ጠዋት ጠዋት ይርሳው መሪውን ይይዛል፣ እሷ ከኋላ ትሆናለች። ክረምት ከሆነ ጭቃው ቁርጭምጭሚቷን ይውጠዋል። እሱ በፊት ለፊቱ መስታወት አንገቷን ደፍታ ስትገፋ ያያታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ በትዳራቸው ዘመን ሚስቱን አተኩሮ ያየው በዚያች መዳፍ በማታክል መስታወት ውስጥ ነው።

ያጣላቸው ነገር በገበያ መሐል የሆነ ስለሆነ ሁሉም ያውቀዋል። የባንቺአየሁ ታናሽ እኅት ቡሬ ልትዳር ነው። ባንቺአየሁ አዲሱን ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ ከባሏ ጎን ተቀመጠች። አደባባዩ ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ቀጥ አለች። ይርሳው ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ ከዚያ ሚስቱን ሳያይ፣ «ባንቺዬ፣ እስቲ ትንሽ ገፋ አድርጊልኝ» አላት።

ወረደች። ገፋች። ሞተሩ ሲነሣ የጭስ ማውጫው ያጠራቀመውን ጥቀርሻ ሁሉ ቀሚሷ ላይ ተፋው። ይርሳውም፣ ከቆምኩ ሞተሩ ይጠፋብኛል ብሎ፣ ሳይቆም ነዳ። የሚዞርበት ሰፊ ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ሩቅ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ አደባባዩ ላይ የቀረው ሳቅ ብቻ ነበር፤ እሷ በአውቶቡስ ወደ አባቷ ቤት ሄዳለች።

ይርሳው ሽማግሌ ላከ። ሽማግሎቹ ይዘው የመጡት መልስ አንድ ነው፤ መኪናዋ ሳትገፋ አባቴ በር ድረስ ከመጣች እመለሳለሁ። የከተማው ሰው ይህ የጎጃም ሴት «አልመለስም» የምትልበት ጨዋ አነጋገር ነው አለ። ይርሳው ግን ቃል በቃል ያዘው። ከዚያ ወዲህ የአልጋውን የባንቺአየሁ ወገን ሳይነካ በጠርዙ ላይ ይተኛ ጀመር። ጠዋትም ይወጣና መኪናዋ ውስጥ ገብቶ፣ ቁልፉን ሳይነካ፣ ባዶውን መስታወት እያየ ይቀመጣል። ጎረቤቶች እጅጌያቸውን ሰብስበው ለመግፋት ሲመጡ «ዛሬ አልሄድም» ይላቸዋል።

የመኪናዋ በሽታ የታወቀ ነው፤ እሳቷ ደካማ ነው። ሞተሩን የሚያስነሣው ካንዴላው ላይ የሚፈነጥቀው ብልጭታ ነው፤ ብልጭታውን የምታዝዘው ደግሞ ፑንቲና የምትባል፣ እየገጠመች እየተላቀቀች የምትኖር ትንሽ ብረት ናት። የይርሳው ፑንቲና ከመሞረድ ብዛት እንደ አሮጊት ጥርስ አልቃለች። በገበያው አፋፍ ጨርቅም፣ ሚስማርም፣ ላምባም የሚሸጠው ነጋዴ ሀምዱ ይህን ያውቅ ነበርና፣ ከአስመራ በዘመድ እጅ አንድ ነገር አስመጣለት። የፑንቲናዋን ሥራ የሚሠራ፣ ትራንዚስተር ያለበት የብረት ሣጥን ነው። ጎንና ጎኑ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ነው። ሀምዱ ሲሰጠው ደጋግሞ አስጠነቀቀው፤ ይህ ነገር ሲሠራ ይግላል፣ ጥርሶቹ ሙቀቱን የሚያስወጡለት ናቸውና አየር ያግኘው፣ እንዳትሸፍነው። ይርሳው በምትኩ በቅሎውን ሰጠ። ሳትገፋ የምትነሣ በቅሎ ሰጥቶ፣ መኪናው ሳትገፋ እንድትነሣ ተመኘ። ፍቅር ሒሳብ አያውቅም፤ ሒሳብ የሚያውቀው ሀምዱ ነው።

ትራንዚስተር ማለት እኛ ዘንድ ራዲዮ ነው። መኪናዋ ትራንዚስተር ገባላት ሲባል ዜና ታወራለች ወይ ብሎ የመጣ ብዙ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቱ እንደ ልማዱ ለመግፋት ተሰልፎ ሳለ ይርሳው ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋም ወዲያው ተነሣች። አጠፋት፤ እንደገና ተነሣች። ሰዉ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ያን ጠዋት ፍኖተ ሰላም ሥራ ፈት ሆነች። ኮፈኑ ተከፍቶ ሁሉም እየጎነበሰ ሣጥኑን አየ፣ አፉን ይዞ ተደነቀ፣ ሄደ።

ይርሳውን የበላው ይህ ነው። ከዚያ ሁሉ ተመልካች አንድም «ይባርክ» ያለ የለም። አራስ ሕፃን በዓይን እንዳይበላ በሚሸፈንበት፣ ወተት ተከድኖ መንገድ በሚሻገርበት አገር፣ የትዳሩ ተስፋ ያለበትን ዕቃ ራቁቱን ሊያሳድረው? የሀምዱን ማስጠንቀቂያ አልረሳም፤ ነገር ግን ሀምዱ ስለ ሙቀት ነው የነገረው፣ ስለ ቡዳ የነገረው የለም። ስለዚህ ሣጥኑን በበግ አጎዛ፣ ጠጉሩን ወደ ውስጥ አድርጎ ጠቀለለው፤ በጠፍርም አሰረው። በከተማው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ምንም አልሆነችም። መንገዱ አጭር ነውና ሣጥኑ ሳይግል ይደረሳል።

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን፣ ፀሐይዋ ድንጋይ በምታበስልበት ጊዜ፣ ሁለት ሽማግሎች ይዞ ወደ ቡሬ ተነሣ። አንዱ ሀምዱ ነው። ሁለተኛው ቋሪት ገበዝ ማርያም ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩት መሪጌታ ገብረሰንበት ናቸው። መኪናዋ እየዘመረች ሄደች። ይርሳው በመንገዱ ሁሉ ስለ ባንቺአየሁ አወራ፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ እንደምትሸፍን፣ ወጥ ስትቀምስ ዓይኗን እንደምትጨፍን። መሪጌታም ይህን ሁሉ ለእሷ ነግረሃት ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁት። ይርሳው ስለ ቤንዚን አወራ።

መንገድ መሐል ያለችውን ማንኩሳን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ሞተሩ ተንተባተበ፤ ከዚያ ዝም አለ። ኮፈኑ ሲከፈት የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ወጣ።

«አንተ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለ ሀምዱ።

«አጎዛ ነው።»

«አጎዛ መሆኑንማ አየሁ። ምን ልትሆን አለበስከው?»

«ዓይን እንዳይበላው ነዋ።»

ሀምዱ ሣጥኑን በጣቱ ነክቶ ጣቱን ጠባ። «ዓይንስ አልበላውም» አለ። «በግ ነው የበላው።»

ሣጥኑ ሞቷል። መፍትሔ ግን አልጠፋም። አሮጌዋ ፑንቲና ከመቀመጫው ሥር አለች፤ እሷን መልሶ መግጠም፣ ከዚያ መግፋት ነው። ከገበያ የሚመለሱ ገበሬዎች ገና ሳይጠየቁ ኩታቸውን አሸርጠው ቀርበዋል። መሪጌታ ለነፍሳቸው ትንሽ ከሰጉ በኋላ ምክር ሰጡ፤ እዚህ ተገፍታ ከተነሣች ከአቶ ባዬ በር ድረስ በራሷ እየሄደች ትገባለች፣ ሴትዮዋ ያላየችውን አትጠይቅም።

ይርሳው ኮፈኑን ዘጋ።

«ትለየዋለች፣ መሪጌታ» አለ። «ተገፍታ ስትነሣ ድምጿ ሌላ ነው። ከኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች።»

ገበሬዎቹን አመስግኖ አሰናበታቸው። መኪናዋን ወደ ዳር አስጠግቶ በሯን ዘጋና በእግሩ ጉዞ ጀመረ። ሽማግሎቹም ምን ያድርጉ፣ እያጉረመረሙ ተከተሉት። የሾፌር እግር ፔዳል እንጂ ኮረኮንች አያውቅም፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቡሬ ሲገቡ ይርሳው ያነክስ ነበር።

አቶ ባዬ እንግዶቹን ተቀብለው አስቀመጡ። ባንቺአየሁ ለብ ያለ ውኃ በገበቴ ይዛ ወጣች። የመሪጌታን እግር አጠበች። ሀምዱ ለስግደቱ ራሱ ታጠበ። ከዚያ ባሏ ፊት ተንበረከከች፤ ጫማውን ስታወልቅ የቆሰለውን ተረከዝ አየች።

«መኪናዋስ?» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«ማንኩሳን አልፋ ቆመች።»

«የሚገፋ ጠፋ?»

«ሞልቶ ነበር። አላስገፋሁም።»

ውኃውን አፈሰሰችለት። እጇ ቁስሉ ላይ ሲደርስ ቀስ አለ።

«ያን ጊዜ አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ወደ ኋላ ሳይ ነበር» አለች። «መኪናህን ጥለህ ሮጠህ የምትመጣ መስሎኝ። ቡሬ በእግር እንደሚደረስ የምታውቅ መስሎኝ።»

ይርሳው ጎንበስ ብሎ ገበቴውን ያዘላት።

ሽማግሎቹ ውሳኔዋን ሲጠይቁ ባንቺአየሁ ቆማ መለሰች። «ቃሌ ቃል ነው፤ መኪናዋ በር ላይ የለችምና አብሬው አልሄድም። በእግሩ መምጣት ከጀመረ ግን፣ እግሩ እስኪለምደው ይምጣ።»

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ቅዳሴ ሲፈታ ይርሳው በትሩን ይዞ ወደ ቡሬ ሲገሰግስ ይታያል። ያለፈ ያገደመው ሾፌር ሁሉ ቆሞ ተሳፈር ይለዋል፤ እሱ በእጁ ምልክት እለፍ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ስንስቅበት ነበር፤ መግፋት የለመደ ከተማ የሚስቅበት አያጣም። አሁን ግን ወሬው ሌላ ነው። ባንቺአየሁ ልትሸኘው ትወጣለች አሉ። ፊት እስከ አጥሩ ነበር፤ ኋላ እስከ ከተማው ጫፍ ሆነ። ባለፈው ማንኩሳ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ከአንድ ግራር ሥር ቆመው ታይተዋል። እሷም ወደ ቡሬ፣ እሱም ወደ ፍኖተ ሰላም መመለስ ነበረባቸው፤ ነገር ግን ማንም ቀድሞ አልተንቀሳቀሰም።