ከገዳሙ በር ወዲህ

የአስጎብኚነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ማይኩን የሰጠኝ ሾፌሩ ሰይድ ነው። «ወደ አፍሽ አታስጠጊው፣ ይጮኻል» አለኝ። ሌላ ሥልጠና አላገኘሁም።

መኪናችን ኮስተር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጎብኚዎችን ከደሴ እንጭናለን፤ ሐይቅ ከተማ ወርደን ገዳሙን እናሳያለን፣ ምሳ አሳ እናበላለን፣ አርዲቦ ሐይቅን አይተን ውጫሌ ድረስ ወጥተን እንመለሳለን። ተሳፋሪዎቹ የመሥሪያ ቤት ማኅበርተኞች፣ ለሠርግ የመጡ እንግዶች፣ አንዳንዴም ከግሸን ወርደው አንድ ቀን የተረፋቸው ምዕመናን ነበሩ።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ልጆቼን ካደረስኩ በኋላ ነው። የመኪናው ባለቤት አቶ ሙላት የቀጠሩኝ ስለ አገሩ የተጻፈ ካገኘሁ ሳላነብ እንደማላልፍ ሰምተው ነው። እሳቸውም እኔም ያላሰብነው ነገር ግን ነበር። ገዳሙ ሴት አያስገባም። ይህን የሐይቅ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እሳቸው አንድ ዘዴ አላት ብለው አሰቡ፤ እኔ ደግሞ እሳቸው ወንድ አስጎብኚ አዘጋጅተዋል ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በሩ ላይ ደረስን። ወንዶቹ ገቡና ዞረው ቆሙ። «ማነው የሚያስረዳን?» አለ አንዱ። እኔ ከሴቶቹ ጋር በውጭ ቆሜያለሁ። ሰይድ መኪናውን ቆልፎ መጣ።

«እታለም፣ እኔ ልግባ። መንገድ ላይ ያልሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ» አለኝ።

በር ጠባቂው መነኩሴ ሰይድን ከልጅነቱ ያውቁታል። «አንተ የሼህ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ ልትሰብክ መጣህ?» አሉት።

«አባቴ፣ አደራ ተቀብዬ ነው። ስሳሳት ያርሙኝ።»

«ግባ፣ ግባ። ከወንድነትህ ሌላ የሚጠየቅ የለም።»

ወደ ውስጥ ሲዘልቅ «ጀመዓ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ» ሲል ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

ሥራችን በዚሁ ጸና። እሱ ወንዶቹን ከበሩ ወዲያ፣ እኔ ሴቶቹን ከበሩ ወዲህ። ማታ ስንመለስ የብራናው ወንጌል በየት በኩል እንደተቀመጠ፣ የድንጋዩ መስቀል ምን እንደሚያህል ይነግረኛል። ካነበብኩት ጋር አስተያየዋለሁ፤ ያልገጠመ ነገር ካለ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ እንዲያይልኝ እልከዋለሁ። «ወላሂ፣ አንቺ የቀበሌ መርማሪ መሆን ነበረብሽ» ይለኝ ነበር።

በማይኩ ስናገር ግን ሁሌ የምጀምረው በአንድ አረፍተ ነገር ነው። «ውስጡን አላየሁም፤ የምነግራችሁ ያነበብኩትንና ያዩ ሰዎች የነገሩኝን ነው።»

ሥራው አድካሚ ነው። ጀርባን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ በአንድ እጅ የወንበር ብረት፣ በሌላው ማይክ ይዞ ጠመዝማዛውን መውረድ ጉልበት ይጨርሳል። በየፌርማታው ሰው መቁጠር አለ። ምሳ ላይ አሳው ዘገየ ብሎ ተሳፋሪው የሚቆጣው በእኔ ላይ ነው። ያንኑ ነገር ለዓመታት በአዲስ ድምፅ መናገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። አንዳንድ ቅዳሜ የራሴ ቃል እንደ ሌላ ሰው ቃል ይሰማኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ወንዶቹ እየተገረሙ ወጡ። የድንጋዩ መስቀል ዝናብ ሊመጣ ሲል ያልበዋል አሉ። እንዲህ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም። መኪናው ውስጥ ሰይድን ጠየቅሁት።

«አያ ሰይድ፣ ይህን ማን ነገረህ?»

 «ፊታቸው ደከመብኝ፣ ትንሽ ቅመም ጣል አደረግሁበት» አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መነኩሴውን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ዘመኔ ሲያልበው አላየሁም። እኔን ግን ዳገቱ ያልበኛል» አሉኝ።

ሰይድ ሁለተኛ አልደገመውም። ወሬው ግን ደሴ ደርሶ ነበር። አቶ ሙላት ቢሮ አስጠሩኝ።

«ይሄን የድንጋይ ነገር ለምን በማይክ አትናገሪም? ሰው እየጠየቀን ነው።»

«እውነት ስላልሆነ ነው።»

«ጉብኝት እኮ ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም። ደግሞ ያን ‹አላየሁም› የምትዪውን ተዪው። ገንዘብ የከፈለ ሰው ካላየች አስጎብኚ ምን ይሰማል? በዓይኔ አየሁ በይ፣ ማን ገብቶ ያጣራል?»

«ወንዶቹ ይገባሉ።»

«ሲገቡ ደረቅ ከሆነ ዝናብ የለም ማለት ነው» አሉና ሳቁ። ቀጥሎ ያሉትን ሲናገሩ ግን አልሳቁም። «ቅዳሜ እኔም እሳፈራለሁ። እሰማሻለሁ። የማትዪ ከሆነ የሚተካሽ ልጅ አዘጋጅቻለሁ።»

በዚያ ሳምንት ብዙ አላነበብኩም። ቤት ኪራይ ላይ ነኝ፤ ሌላ ሥራ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይሰጠኛል? አረፍተ ነገሩን ብቻዬን ሆኜ ሞከርኩት። «በዓይኔ አየሁ።» አጭር ነው፣ ለማለት አይከብድም። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ቅዳሜ አቶ ሙላት የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሐይቁ ሲታይ ማይኩን አነሳሁ። «ውስጡን አላየሁም» ብዬ ጀመርኩ። ስለ ገዳሙ የማውቀውን ተናገርኩ። ከኋላ አንዲት ወይዘሮ «የሚያልበው ድንጋይስ?» አሉ።

«ያልበዋል ሲባል ሰምቻለሁ። የሰማሁት ግን ከሾፌራችን ነው።»

ሰይድ በመስታወቱ አየኝ። «እኔ ደግሞ የሰማሁት ከራሴ ነው» አለ ጮክ ብሎ።

መኪናው በሳቅ ተሞላ። አቶ ሙላት አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ማታ ደሴ ስንደርስ አቶ ሙላት ሰይድን አልፈው ወደ እኔ መጡ። ሰይድ «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷን አይንኩብኝ» አላቸው። «አንተ ትነዳለህ፣ ሌላው አያገባህም» አሉት። ከዚያ ለእኔ «ማይኩን ለልጁ ስጪው። አንቺ በር ላይ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ በይ። ደሞዝሽም የረዳት ነው» አሉኝ። ሰጠሁ።

አዲሱ ልጅ ትሑት ነበር፤ ድምፁም ያምራል። ድንጋዩ ሲያልበው አየሁ ይል ነበር። ወንዶቹን ይዞ የሚገባውም እሱ ሆነ። ሰይድ መኪናው ጥላ ሥር ይቀመጣል። ወንዶቹ ሲወርዱ «ጀመዓ፣ ለድንጋዩ ፎጣ ይዛችኋል?» ይላቸዋል። እኔ ያኔ ብዙ አልስቅም ነበር። ቀኑ ይረዝማል፣ በሩ ላይ ፀሐይ አለ፣ ደሞዙም ቀንሷል።

አንድ ቅዳሜ ባልና ሚስት መጡ። ባል ከውስጥ ሲወጣ ሚስት ጠየቀችው።

«አልቦታል?»

«ደረቅ ነው። ልጁ ዛሬ ዝናብ የለም አለን።»

ሚስት ሰማዩን አየች። ከሐይቁ ማዶ የአምባሰል ተራራ በደመና ተሸፍኗል። ገና መኪናው ሳንገባ ዘነበብን። እየሮጠች መጥታ አጠገቤ ተጠለለች፤ ከእኔ በቀር ጃንጥላ የያዘ አልነበረም።

«እናቴ፣ አንቺስ ገብተሽ አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያ ያየሽውን ንገሪኝ።»

የቆምንበት መሬት ድሮ በውኃ የተከበበ ደሴት እንደነበር፣ ውኃው ከየት እስከ የት እንደሸሸ አሳየኋት። በር ጠባቂው ወንዱን ሁሉ በምን ቃል እንደሚቀበሉት፣ ሴቶች በዚህ ደጃፍ ቆመው ምን ስለት እንደሚሳሉ ነገርኳት። ሌሎቹ ሴቶችም እየተጠጉ መጡ፤ ጃንጥላው ግን አልበቃቸውም። ወንዶቹ መኪናው ውስጥ ሆነው ቶሎ ኑ እያሉ ጥሩንባ አስነፉብን።

ሥራውን እስክተው ድረስ በሩ ላይ ሠራሁ። ማይኩ አልተመለሰልኝም፣ ደሞዙም እንዲሁ። ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው አንድ ነው። ያያችሁትን አየሁ በሉ። የሰማችሁትን ከማን እንደሰማችሁ ተናገሩ። ዋጋ ያስከፍላል፤ ጃንጥላም ያዙ።