«አለሁ፣ አባባ» ያለኝ የአበባ ብሎኬት

ብዕሩን የያዘችው ልጄ አስካለ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ግንብ ግን አውቃለሁ... ከደባርቅ እስከ ዳባት እጄ ያልነካው ደህና ቤት ካለ ጠቁሙኝ። አስካለ እዚህ ላይ ሳቀች። መሳቅሽንም ጻፊው።

በደርግ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ልጄን ይርጋን ፊት ፊት እየነዱ ወሰዱት። ተከትዬ ሄድኩ። እኔው ራሴ በሠራሁት በረንዳ ውስጥ አስገብተው ሲቆልፉበት ቆሜ አየሁ።

ቤቱ የአንድ እህል ነጋዴ ነበር። ሲያሠራኝ «ባለቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ መንገዱን እንድታይ እፈልጋለሁ፤ መንገደኛ ግን እሷን እንዳያያት» አለኝ። ያን ጊዜ ከተሜው ሁሉ የአበባ ብሎኬት ይወድ ነበር... መሐሉ በአበባ ቅርጽ የተፈለፈለ፣ ነፋስ የሚያስገባ። የሌላው ግንበኛ ቀዳዳ ወለል ያለ ነው፤ የቤት ገመና ያወጣል። እኔ ብሎኬቱ የሚፈስበትን ፎርማ በእጄ ጠርቤ ቀዳዳውን ወደ መንገዱ ሰያፍ አወረድኩት። ውስጥ ያለ ውጭውን ያያል፤ ውጭ ያለ ቀና ቢል ጣሪያ ብቻ ነው የሚያይ። ሰው ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ መጥቶ አድንቆልኛል።

ኋላ ቤቱ ተወረሰ። ቀበሌ ገባበት። በረንዳው የብረት በር ተገጠመለትና እስር ቤት ሆነ።

ይርጋ ጎንደር ይማር ነበር። ለእረፍት ሲመጣ ኪሱ ውስጥ አንድ ወረቀት አገኙበት። ወረቀቱ ምን ይል እንደነበር እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

በነጋታው ቂጣ ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው ከዛሪማ የመጣ ሰው ነው፤ ማን ታስሮ ማን እንደወጣ እንኳ አያውቅም።

«ግንበኛው! የገዛ ሥራህን ልትፈትሽ መጣህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

«ሥራዬ እንከን የለውም» አልኩት።

«ስም መጥራት ክልክል ነው። ድምፅህን ከፍ ካደረግህ አንተንም ከእነሱ ጋር እቆልፍብሃለሁ» አለና ፊቱን አዞረልኝ።

ግንቡን ተጠግቼ በሹክሹክታ «አለህ?» አልኩ።

«አለሁ፣ ጋሼ» አለኝ። ቂጣውን ጠቅልዬ በቀዳዳው ሰደድኩለት።

ይርጋ «ጋሼ» ነው የሚለኝ። አባቴ ቤት ተወልዶ ታናናሾቼ ጋሼ ሲሉኝ እየሰማ አደገ፤ እሱም እንደነሱ ለመደ። በዚያ ቤት «አባባ» የሚባለው የእኔ አባት ነበር። አስካለ የተወለደችው የራሴን ቤት ከሠራሁ በኋላ ስለሆነ አባባ ትለኛለች። ለሰው አልተናገርኩም እንጂ የይርጋ ጋሼ ማለት ውስጤን ይበላኝ ነበር። የበኩር ልጄ አንድ ቀን እንኳ አባት ብሎ አልጠራኝም።

በሦስተኛው ቀን ሄጄ «አለህ?» ስል...

«አለሁ፣ አባባ» አለኝ።

ቤቴ እስክደርስ እያለቀስኩ ሄድኩ። ለባለቤቴ «ልጅሽ ዛሬ አባባ አለኝ» አልኳት።

ሥራዋን ትታ አየችኝ። «ማን? ይርጋ? አንተ ሰው፣ ይርጋ አባባ አይልህም።»

«እስር ቤት ሰውን ይለውጣል!»

«ድምፁ የሱ ነው?»

«የወለድኩትን ድምፅ ላጣው ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። ሹክሹክታ የሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መሆኑን መች አሰብኩት።

አንድ ወር ያህል ተመላለስኩ። በየቀኑ «አለህ?»... በየቀኑ «አለሁ፣ አባባ»። ቂጣውን በየቀኑ እሰዳለሁ።

አንድ ቀን ከስቶ አጥንቱ ብቻ የቀረ ወጣት በራችን ላይ ቆመ። የዳባት አስተማሪ ነኝ አለ።

«የይርጋ አባት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ስንቅዎን ስበላ የከረምኩት እኔ ነኝ። ይርጋን ገና በሁለተኛው ማታ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ወሰዱት... በማግሥቱ መጥተው አለህ ሲሉ ፊትዎን በቀዳዳው አየሁት። የለም ማለት አቃተኝ። እኔንም አለህ ወይ የሚለኝ ሰው አልነበረም።»

ልመታው እጄን አነሳሁ። ባለቤቴ መሐላችን ገብታ ቆመች። «ቂጣው ይበቃህ ነበር?» አለችው። መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

በማግሥቱ ጎንደር ወረድኩ። ስሙን ነግሬ ቆምኩ። መዝገብ የያዘው ሰው ገልጦ ገልጦ «ይርጋ... እዚህ ነበር። ስንቅ የሚያመጣለት ዘመድ ያጣ ልጅ ነው» አለኝ።

«ዘመድ አለው! አባቱ ነኝ!»

«እስካለፈው ሳምንት ነበር። አሁን ስንቅ አታምጣ» አለኝ።

ስንቅ አታምጣ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ለእኩዮቼ አላስረዳም። ለእናንተ ለዛሬ ልጆች ግን ልንገራችሁ... ገድለነዋል ማለት ነው። አስከሬኑንም አልሰጡኝ።

በረንዳው ዛሬም ቆሟል። አንድ አበባ አልተሰነጠቀም። ሰነፍ ግንበኛ ብሆን ኖሮ ቀዳዳው ወለል ይል ነበር፤ አሻግሬ አይቼ ልጄ እዚያ አለመኖሩን በሦስተኛው ቀን አውቅ ነበር። ጎንደር ሳለ እደርስበት ነበር። እናቱ ነግራኝ ነበር... እኔ አባባ መባሉ ጣፍጦኝ ጆሮዬን ደፈንኩ። እሷ ይቅር ሳትለኝ ሞተች፤ ልክ ናት።

በይ አስካለ፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ፤ ስትጨርሺ ግን ዛሬን ብቻ አባባ አትበይኝ... ጋሼ በይኝ።