ቲነሩና በወንድሜ ላይ የነበረኝ ቅናት

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ ብመለስ ሆዴ አያርፍም፤ ጥቂት ደቂቃ ስጡኝ።

አብዛኞቻችሁ እዚህ ንፋስ መውጫ ከተማ የብረት በር ቀለም ስረጭ ታውቁኛላችሁ። ዘጠኝ ዓመት በአንዲት ጠባብ ቆርቆሮ ቤት፣ ቀለሙ አቧራ እንዳይነካው በሩን ዘግቼ፣ በቲነር እያቀጠንኩ ረጭቻለሁ። አፍንጫዬን የምሸፍነው በቁራጭ ጨርቅ ነበር።

ከባለቤቴ ከትዕግሥት ጋር ስድስት ዓመት ልጅ አላገኘንም። ታናሽ ወንድሜ ሞላ ግን ስማዳ፣ ወገዳ አጠገብ እያረሰ ይወልዳል። ቀናሁበት! ወገኖቼ፣ ቀላል ቅናት እንዳይመስላችሁ። ሦስተኛውን ሲወልድ ልንጠይቅ ሄድን። ልጁን ሊያሳቅፈኝ ሲል «ተወው፣ ልብሴ ቲነር ይሸታል» አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ታጥቤ፣ ንጹሕ ለብሼ ነበር የሄድኩት። ስንመለስ ትዕግሥት ብታለቅስ «ችግሩ ካንቺ ነው» አልኳት። ጌታ ይቅር ይበለኝ!

እሷ ሁለት ጊዜ ተመርምራ ደህና ነሽ ተብላለች። እኔ «ወንድ ምን ሊሆን?» እያልኩ እምቢ አልኩ። በኋላ ራስ ምታቱ ሲጠናብኝ ባሕር ዳር ሄድኩ፤ ሐኪሙ ልጅ እንደሌለኝ ሲሰማ ዘሬንም አስመረመረው።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት።

«የዘርህ ቁጥር ዝቅተኛ ነው፤ እንቅስቃሴውም ደካማ ነው። ምክንያቱ ይሄ ብቻ ነው ብዬ አልምልልህም፤ ግን ለዓመታት የሳብከው የቲነር ትነት ሊጎዳው ይችላል። ከትነቱ ራቅና ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና እንይህ።»

ሥራውን ተውኩ። ሞላ ሰምቶ ደወለ፤ «ጋሼ፣ እኔ ዘንድ ና፤ ስንዴውን አብረን እናጭዳለን።» የሚመጻደቅብኝ መሰለኝ፤ ግን ምን አማራጭ አለኝ? ሄድኩ።

አንድ ጠዋት ማጭዴን ረስቼ ከማሳው ስመለስ ከቤቱ ጓሮ የሞላን ድምፅ ሰማሁ። ተንበርክኮ ይጸልያል፤ «ጌታ ሆይ፣ ለእኔ የሰጠኸኝ ይበቃኛል። ለወንድሜ ስጠው። እሱ ፊት በልጆቼ ለመደሰት አፍራለሁ።»

ቅዱሳን! እኔ ስጠላው እሱ ለእኔ ብሎ ደስታውን ይደብቅ ነበር!

ጠጋ ብዬ «ሞላ፣ ቀንቼብሃለሁ። ልጅህ ባልተወለደ ብዬ ተመኝቻለሁ» አልኩት። ከተንበረከከበት ተነስቶ «አውቅ ነበር» ብሎ አንገቴን አቀፈኝ። እዚያው ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ቤቴ ተመልሼ ትዕግሥት እግር ላይ ወደቅሁ። እውነቱን ልናገር፣ ወዲያው ይቅር አላለችኝም፤ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ጌታ ግን ልቧን አራራው። ከወራት በኋላ ስመረመር ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለ፤ «ተሻሽሏል፤ ወደዚያ ቀለም መርጫ ክፍል እንዳትመለስ!»

ያቻት ትዕግሥት፣ መስኮቱ ጋ። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ሃሌ ሉያ! ዛሬም የሰው ነገር ሲሳካ ልቤን ቆንጠጥ የሚያደርገኝ ጊዜ አለ፤ ያኔ ቶሎ እንበረከካለሁ።

ወንድሞቼ፣ ሚስቶቻችሁን ብቻ ወደ ሐኪም አትላኩ። ጌታን ታመኑ፤ እናንተም ሂዱ። የሚያፍር ካለ፣ ከጉባኤው በኋላ በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ፤ አብሬው እሄዳለሁ።