መብራት እስኪሄድ የሚጠብቁት ሰው

ሶዶ ውስጥ መብራት ሲሄድ ደስ የሚላቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የኮሌጃችን ጋሽ ሰብስቤ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተማሪዎች ውጤት የሚቀመጥበትን አንድ ሰርቨር ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ቁም ሣጥን የሚያክል፣ አራት ፕሮሰሰር ያለው፣ እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ ማሽን። በጩኸቱ ላይ ሲያወሩ ኖረው ድምፃቸው እዚያው ከፍታ ላይ ቀረ፤ ሰላም ሲሉን እንኳ የተቆጡ ይመስላሉ።

ማሽኑ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ዕለት እኔ እዚሁ ተማሪ ነበርኩ። ከቤሌ ከተማ ከመጡት ጓደኞቼ ጋር በመስኮት ተጋፍተን አየነው። የጋሽ ሰብስቤ ፀጉር ያኔ ጥቁር ነበር። ምን ያለ ጊዜ ነበር!

ዛሬ ሬጅስትራር ነኝ። ዘንድሮ የድሮ ተማሪዎችን ውጤት ወደ አዲስ ዲስክ እንድንገለብጥ ታዘዝን። አሮጌው ማሽን ግን አዲሱን ዲስክ አላውቀውም አለ። እንዲያውቀው የፕሮሰሰሮቹ ፈርምዌር፣ ማለትም ማሽኑ ገና ሲነሳ የሚያነበው መመሪያ፣ መታደስ ነበረበት። ለአንዱ አሥር ደቂቃ፣ ለአራቱ አርባ። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማሽኑ ዳግም አይነሳም፤ ገና ያልተገለበጠውን ውጤት ደግሞ ከእሱ ሌላ የሚያነበው የለም። ባትሪያችን የሚይዘው ሰባት ደቂቃ ነው።

ሰኞ ዲናችን ሪሀና መጣች።

«ጋሽ ሰብስቤ፣ መብራት አለ አይደል? ለምን አይጀምሩም?»

«መኖሩ ነው የሚያስፈራኝ! ከዓርብ ጀምሮ አልሄደም። ይሂድና ይመለስ፤ ከተመለሰ በኋላ ሁለት ሰዓት አይነካንም» ብለው ደብተራቸውን ዘረጉላት። መብራት የሄደበትና የመጣበት ሰዓት በሙሉ ተጽፏል፤ የሠርጋቸው ዕለት ሳይቀር። ሪሀና ሳቀች። እኔ ግን ደብተሩን አመንኩት።

ረቡዕ ከሰዓት ሄደ። ከተማው ሲያማርር እሳቸው «ተመስገን!» አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለስ ሥራው ተጀመረ። ማሽኑን በወላይትኛ እያባበሉ አንደኛውን ጨረሱ፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ አምፖሉ ድርግም ሲል ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። መብራቱ ግን አልሄደም።

አራተኛው አለቀ። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ፤ አራቱንም ፕሮሰሰሮች ቆጠረ፤ አዲሱን ዲስክ አወቀው። ጋሽ ሰብስቤ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ግልበጣው ዓርብ አለቀ። የእኔም ውጤት አለበት፤ ያቺ የሒሳብ ሲ ሳትቀር።

«አሁን ምን ቀረ?» አልኳቸው።

«ማሽኑን ለመጨረሻ ጊዜ ማጥፋት ነዋ፣ መቅዲ።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰብኩትም ነበር። ማሽኑን ያዳኑት ሊያሰናብቱት ኖሯል።

ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑት። ጩኸቱ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ቆመ። በዚያ ክፍል ዝምታ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ሰብስቤ ከልማዳቸው ሰዓታቸውን አይተው፣ ደብተሩን ገልጠው «አሥር ሰዓት ከሃያ፣ ሄደ» ብለው ጻፉ።

አምፖሉ ከራሳችን በላይ እየበራ ነበር። አልነገርኳቸውም።