ዶሮዎቹ ቆጥ የወጡ ዕለት

የእጅ ሰዓቱን ያገኘሁት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። መሳቢያው ውስጥ ከደረቁ እስክርቢቶዎችና ከድሮ ፎቶግራፎች ሥር ተቀብሮ ነበር። መስታወቱ ዛሬም ከውስጥ በኩል ጭጋግ ይዞታል። አንድ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ጠርጎልኝ ነበር፤ ጭጋጉ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። የቆዳ ማሰሪያውን አፍንጫዬ ድረስ አስጠጋሁት፤ የእርጥብ ቆዳና የላብ ሽታ አለው፤ ወይም ያለው መሰለኝ። በዚህ የእጅ ሰዓት የዋሸሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። እስቲ ልንገርህ።

እኔም ጓደኛዬም አሥራ ስድስት ዓመታችን ነበር። ጎንደር ውስጥ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን፤ እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ ሙስሊም። አባቱ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ የሳቸውም አባት እዚያው ሱቅ ጨርቅ ሲሸጡ ኖረዋል። የኔን ብስክሌት አጎቴ ነው የሰጠኝ። የሱን አባቱ የገዙለት ሁለት ዓመት ሙሉ ከጨቀጨቃቸው በኋላ ነው፤ ማርሹ እንደ ልብ የሚታዘዝ ቀይ ብስክሌት ነበር።

ሁለት መንገድ ነበረን። አጭሩን ጠዋት ጠዋት እንነዳዋለን፦ ከፋሲል መዋኛ ትልልቅ ዛፎች ሥር እንነሣና፣ የረጠበ ቅጠል እየሸተተን፣ በማራኪ በኩል ተማሪዎቹን በደወል እየበተንን ወደ ፒያሳ እንመለሳለን። ረጅሙ የኮሶዬ መንገድ ነው። ከወለቃ ወዲያ ይጀምርና በባሕር ዛፍና በገብስ ማሳ መሐል ይወጣል፣ ትንሽ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ዳገት ላይ እሱን የሚያህል አልነበረም። ነፋሱን በደረቱ እየሰነጠቀ ይመራል፤ እኔ ከጀርባው ተለጥፌ የካቴናውን ድምፅ እየሰማሁ እከተላለሁ። የዚያን ጊዜ ሥዕሌ ይኸው ነው፦ የሱ ጀርባ፣ ላብ ያረጠበው ሸሚዝ፣ ከጎማው የሚረጨው ጭቃ።

ብስክሌተኞች የሚያሠለጥን አንድ ሰው ነበር። መስከረም ሲጠባ ከኛ ሰፈር አንድ ልጅ መርጦ ለክልል ውድድር እንደሚወስድ ነግሮናል። አንዱ ጓደኛዬ እንደሆነ የሰፈሩ ድመት እንኳ ያውቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ረመዳንና ፍልሰታ ነሐሴ ላይ ተገናኙ። አባቱ ልጃቸው እየጾመ ዳገት መውጣቱን አልወደዱትም። አንድ ቀን ሱቅ በር ላይ ብስክሌታችንን ይዘን ቆመን ሳለ፣ “ንዳ፣ አልከለክልህም” አሉት። “አንድ ቀን ጾምህን ያስፈታህ እንደሆነ ግን የብስክሌቱ ቦታ እዚያ ነው።” በጣታቸው ጣሪያው ላይ የተመታውን ትልቅ መንጠቆ አሳዩት። ጓደኛዬ እየሳቀ እጃቸውን መታና ተስማማ። እኔ ምስክር ነበርኩ።

እኔ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ መብላት እችላለሁ። እሱ ጀንበር እስክትገባ ውኃም አይቀምስም። “አንተ ሳትበላ አልበላም” አልኩት። ማንም አልጠየቀኝም፤ ጉራ ነበር። እውነትን ለመናገር ግን ስምንት ቀን ሙሉ ጠበቅሁት፤ ስምንቱንም ቀን ሆዴ ሲጮኽ እሱ ይስቅብኝ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ከቅዳሴ እንደወጣሁ ወደ ኮሶዬ ተነሣን። ወለቃን ስናልፍ ዝናብ ጀመረ፤ ዳገቱን ስንገፋ ጭጋጉ ወርዶ ገብሱንም ባሕር ዛፉንም ዋጠው። ከፊቴ የሚሄደው ጀርባ ይወላገድ ጀመር። ጓደኛዬ ሲደክመው አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። “እንመለስ?” ስለው፣ “ደርሰናል እኮ” አለኝ። አልደረስንም ነበር። ኮሶዬ ስንገባ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር።

መንገድ ዳር ምግብ የምትሸጥ አንዲት ሴት ብስክሌቶቻችንን ከዝናብ አስጠግታ ወደ ውስጥ ጎተተችን። “ምነው ልጆቼ! በዚህ ብርድ ማን ምን ሁኑ ብሎ ላካችሁ?” እያለች አንድ ጋቢ ለሁለታችን ጣለችብን። ቤቱ ጨለም ብሏል። እሳቱ ላይ ድንች ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ እንፋሎቱ ፊቴ ድረስ ይመጣል። የዚያን ድንች ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በዚያ መሐል ዶሮዎቹ በእግራችን መካከል እየተሽሎከሎኩ ገቡና አንድ በአንድ ቆጥ ላይ ወጡ። ሴትዮዋ አየቻቸውና፣ “በቃ መሸ፤ ጀንበርም ገባች። ሸጋ ድንች ነው፣ ብሉ” አለች። በክረምት ደመናው ወር ሙሉ ሲከርም እዚያ አገር ምሽትን በዶሮ ይለያሉ፤ እሷ የምታውቀውን ነው የተናገረችው።

ጓደኛዬ ግን የከተማ ልጅ ነው፤ ወደ እኔ ዞረ። “የዛሬው ማፍጠሪያ አሥራ ሁለት ከአርባ አምስት ነው። ስንት ይላል?”

እጅጌዬን ሰብሰብ አድርጌ አየሁ። ለአሥራ ሁለት ስምንት ጉዳይ ነበር።

“አርባ ሰባት” አልኩት።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ዓመት ራሴን ጠይቄያለሁ። ደስ ሲለኝ፣ ለሱ አዝኜ ነው እላለሁ፤ ይወድቃል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ይህ እውነት ነው። ግን ድንቹም ሸትቶኝ ነበር። እሱ ካልበላ እኔ አልበላም፤ እኔ ደግሞ ርቦኝ ነበር። የመስከረሙ ምርጫ ያን ሰዓት በሐሳቤ ውል አላለም፤ ይህን ስናገር ግን እኔው ራሴን አላምንም።

ከኪሱ እናቱ በወረቀት የጠቀለለችለትን ሁለት ቴምር አወጣ። ጉዞው ጨፍልቋቸዋል። “ቢስሚላህ” ብሎ አንዱን ጎረሰ፤ ሁለተኛውን ለኔ ሰጠኝ። በላሁት። ከዚያ ድንቹን በሚጥሚጣ እያጠቀስን፣ ጣታችንን እያቃጠለን፣ ሁለታችንም ጠገብን። ሴትዮዋ ለመንገድ ብላ አንድ አንድ ድንች ኪሳችን ከተተችልን።

ቁልቁለቱን ጥቂት እንደወረድን ከጭጋጉ ሥር ወጣን። ዝናብ ያጠበው አገር ሁሉ ወርቅ መስሎ ቁጭ ብሏል። ጀንበሯ በስተ ምዕራብ ካለው ተራራ ሦስት አራት ጣት ከፍ ብላ ፊታችን ላይ በራች።

ፍሬን ያዘ። አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ አያት። እኔ ካቴናዬ የወለቀ ይመስል ጎንበስ አልኩ።

“ሰዓትህ ውኃ ገብቶበት ይሆን?” አለኝ።

“ሳይሆን አይቀርም” አልኩ። መስታወቱ ላይ እውነትም ጭጋግ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ጀንበር ጥልቅ እስክትል ድንቹን ከኪሱ አላወጣም፤ ውኃም አልጠጣም። ቀኑ እንደተበላሸ እያወቀ የቀረውን ጾመው።

ሰፈራችን ስንደርስ አባቱ በር ላይ ቆመው ነበር። እንዴት ዋላችሁ ሳይሉ በፊት እሱ ራሱ ነገራቸው። “ማን ነው ገባች ያለህ?” አሉት።

“ዶሮዎቹ” አለ።

አባቱ ትከሻቸው እስኪርገበገብ ሳቁ። ሴትዮዋን፣ ቆጡን፣ ጭጋጉን ሁሉ አስተረኩት። ሰዓቴን ግን አላነሣም። ሳቃቸው ሲበርድ ራሱን ዳሰሱት። “ሳታውቅ ነው፣ አላህ ይቅር ባይ ነው። ቀኑን ትከፍላለህ። ቃላችን ግን ቃል ነው።” ያኔ አፌን ከፍቼ፣ ‘የዋሸሁት እኔ ነኝ’ ማለት ነበረብኝ። የብስክሌቴን ኮርቻ እንደያዝኩ፣ “ደህና እደሩ” ብዬ ገባሁ። በማግስቱ ቀዩ ብስክሌት ከመጋረጃ ጨርቆች በላይ፣ መንጠቆው ላይ ተሰቀለ።

ከኢድ በኋላ ያጎደለውን ቀን ሲጾም እኔም ሳልነግረው ጾምኩ። እናቴ ምሳ አልበላም ስላት ግንባሬን ዳስሳ፣ “አመመህ እንዴ?” አለችኝ። የኔም ዕዳ በዚያ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። መስከረም ላይ አሠልጣኙ እኔን ወሰደኝ። በውድድሩ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ፤ ፊቴ የሚሄድ ጀርባ ሲጠፋ መንዳት እንደማልችል ያኔ ተረዳሁ። ጓደኛዬ ብስክሌቱ በዓመቱ ሲወርድለት ለታናሽ እህቱ ሰጣት። “ሱቁ ጊዜ አይሰጥም” አለኝ።

ሰዓቱን ባገኘሁ ማግስት ይዤው ሱቁ ሄድኩ። ረመዳን ነበር፣ የበጋው ረመዳን፤ ሰማዩ አንድ ደመና አልነበረበትም። አባቱ አርፈዋል፤ በሳቸው ወንበር እሱ ተቀምጧል። ሆዱ ወጣ ብሏል፤ እኔም ፀጉሬ ሸሽቷል። መንጠቆው አሁንም እዚያው ነው፣ ባዶውን። ሰዓቱን ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩለትና፣ “ያን ዕለት አሥራ ሁለት እንኳ አልሞላም ነበር። አይቼ ነው የዋሸሁህ” አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ።

የያዘውን ጨርቅ አጥፎ እስኪጨርስ ቀና አላለም።

“ዶሮዎቹ ናቸው ብያለሁ እኮ” አለ።

 ሰዓቱን አንሥቶ በሸሚዙ ጫፍ መስታወቱን ጠረገው፤ ጭጋጉ ከውስጥ ነውና አልጠራለትም። መልሶ እጄ ላይ አሰረልኝ። ከዚያ ሳህን ላይ ቴምር ደርድሮ፣ ውኃ ቀድቶ፣ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

“እስቲ ወጣ በልና እይልኝ” አለኝ። “ገባች?”

ስልኩ አጠገቡ ነበር፤ መስጊዱም ሩቅ አይደለም። ቢሆንም ወጣሁ። ገበያው እየተበተነ ነው፤ ሻጮች ሸራቸውን ይጠቀልላሉ። በቆርቆሮዎቹ በላይ ወደ ምዕራብ አየሁ። አንድ ጣት ቀርቷታል።

“አልገባችም” አልኩት ከበሩ ላይ ሆኜ። “ትንሽ ቆይ።”